ካፒቴን እዩ

ድንጋዩ ከሸራው ወጣ። በጨለማው ውስጥ ቀስ ብሎ እየተንከባለለ፣ ከፊታችን የተቀመጡትን ሰዎች ራስ አልፎ አፍንጫዬ ሥር ደረሰ። እቴቴ ግራ እጇን ደረቴ ላይ አድርጋ ከወንበሩ ጋር አጣበቀችኝና በቀኟ ድንጋዩን ልትመክት ተነሣች። እጇ የጨበጠው አየር ነበር። ያን ጊዜ ዞር ብዬ አየሁ፤ አዳራሹ ሁሉ እጅ ሆኗል። ሕፃኑም ሽማግሌውም፣ ከየት አገር እንደመጣ የማላውቀው ሰው ሁሉ፣ እጁን ዘርግቶ የሌለ ነገር ይዳስሳል። ከቤተ ክርስቲያን ውጭ ያን ያህል እጅ ባንድ ጊዜ ተዘርግቶ አይቼ አላውቅም ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1993 ትምህርት ቤት በተዘጋበት ሰሞን ነው። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ በሱዳን በኩል ሎስ አንጀለስ ከገባን ገና ሁለት ዓመት አልሞላንም። እቴቴ የአባቴ እኅት ናት። ቀን መኪና ማቆሚያ ትሠራለች፣ ማታ ቢሮ ታጸዳለች። ያን ቀን ግን ከሁለቱም አስፈቅዳ፣ አናሃይም ወዳለው ዲዝኒላንድ ይዛኝ ሄደች። ፀሐዩ ሲበረታባት፣ ሰልፉም ሲያደክማት፣ እግሯን ልታሳርፍ ማጂክ አይ ቲያትር የሚባለው አዳራሽ ገባን። ፊልሙ «ካፒቴን ኢኦ» ይባላል። ስሙ ከግሪኮች የንጋት አምላክ፣ ከኢኦስ፣ የተወሰደ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ። እቴቴ የሰማችው ግን «ካፒቴን እዩ» ብላ ነው፤ ከዚያ ቀን ወዲህም ሌላ ስም ሰጥታው አታውቅም። ለእኔም የሷ አጠራር ይበልጥብኛል፤ ፊልሙ የሚለን እሱኑ ነበርና።

17 ደቂቃ ብቻ ነው። ማይክል ጃክሰን ይተውንበታል፣ ይዘፍንበታል፤ ዳይሬክተሩ ፍራንሲስ ፎርድ ኮፖላ፣ ኤግዚኪውቲቭ ፕሮዲዩሰሩ ጆርጅ ሉካስ ናቸው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1986 ሲከፈት፣ ወጪው በደቂቃ ሲሰላ እስከዚያ ከተሠሩት ፊልሞች ሁሉ ውዱ ነው ተብሎለት ነበር። ሁለት ምስሎች ባንድ ሸራ ላይ ይደራረባሉ፤ መነጽሩ ለቀኝ ዓይን የቀኙን፣ ለግራው የግራውን ብቻ እየለየ ያሳልፋል። ሁለቱ ዓይኖች ጥቂት የተለያየ ነገር ያዩና አእምሮ ሊያስታርቃቸው ሲሞክር ጥልቀት ይፈጠራል። ከዚያ በላይ አዳራሹ ራሱ የፊልሙ አካል ነበር። የካፒቴኑ የጠፈር መርከብ ሲዋጋ እውነተኛ የሌዘር ጨረር ከራሳችን በላይ ይሰነጠቃል፣ እውነተኛ ጭስ ከፊታችን ይነሣል።

የካፒቴኑ ባልደረቦች ማንም ያልተመኛቸው ናቸው። ሁተር የሚባል ኩምቢ ያለው ድንክ ዝሆን መሳይ፣ ፈዝቦል የምትባል ባለ ክንፍ ትንሽ ፍጡር፣ ባንድ ገላ ሁለት ራስ የሆኑ ጓደኛሞች፣ ሁለት ሮቦቶች። ለአንዲት ክፉ ንግሥት ስጦታ አድርሱ ተብለው ተልከዋል። አንጀሊካ ሂውስተን የምትጫወታት ይህች ንግሥት በገመድ ብዛት ከላይ ተንጠልጥላ እንደ ሸረሪት ትወርዳለች። ባልደረቦቹን ቆሻሻ መጣያ በርሜል አደርጋቸዋለሁ፣ አንተንም መቶ ዓመት ጉድጓድ ውስጥ አሠቃይሃለሁ ትለዋለች። እሱ ውስጥሽ የተቆለፈበት ውበት ይታየኛል ይላታል። ሮቦቶቹ ወደ ሙዚቃ መሣሪያ ይለወጡና ጨዋታው ሊጀመር ሲል፣ ሁተር ይደናቀፍና ሁሉም ነገር ይበላሻል። ሙዚቃው ጸጥ አለ። እቴቴ «ወይኔ!» አለች ጮክ ብላ። ሁተር እንደምንም ኪቦርዱ ጋ ደርሶ ሲነካው፣ ከማይክል እጅ ብርሃን እየወጣ ወታደሮቹን ይመታቸው ጀመር።

«ገደላቸው?» አለችኝ።

«አልገደላቸውም። ዳንሰኛ አደረጋቸው።»

«ወታደሮቹን?»

«አዎ።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም፣ እቴቴ። እያቸው።»

አየቻቸው። ጋሻ ጃግሬ የነበረው ሁሉ ተሰልፎ እስክስታ ሊወርድ ምንም አልቀረው። ታሪኩ ቀላል ነው የሚሉ ብዙ ናቸው፤ ይበሉ። እኔ ግን ወታደር ሲመጣ ልጅ ይዛ ጫካ ከገባች ሴት አጠገብ ተቀምጬ ነው ያየሁት። ማንም ሳይሞት የሚያልቅ ጦርነት ሊታሰብ እንደሚችል እንኳ ያን ቀን ነው ያወቅሁት። ንግሥቲቱም አልሞተችም። ብርሃኑ ሲያገኛት ቆንጆ ሴት ሆነች፣ ያ ብረታ ብረት አገሯም ለመለመ።

ስንወጣ «ልጁ ማን ነው?» አለችኝ። ስሙን ነገርኳት። መንገዱ መካከል ቆመች፤ ሰው በግራና በቀኝ ያልፈናል። «የሰባ ሰባቱ?» አለች።

እቴቴ የወሎ ሰው ናት። ስለ ሰባ ሰባቱ ረሃብ ብዙ አታወራም፤ ስታወራም ስለ እህል እንጂ ስለ ሰው አታወራም። ማሽላው በየትኛው ወር እንደደረቀ፣ አንድ ቁና ጤፍ በምን ተሸጦ እንደነበር ትናገርና ዝም ትላለች። «ዊ አር ዘ ወርልድ»ን የሰማችው ሱዳን ውስጥ፣ ከሰው ሬዲዮ ነው። ቋንቋው አልገባትም፤ ስለ እናንተ የተዘፈነ ነው ብሎ የነገራት ሌላ ስደተኛ ነው። ዘፈኑን ማይክል ጃክሰን ከላየነል ሪቺ ጋር ነው የጻፈው። የተቀረጸው እ.ኤ.አ. ጥር 28 ቀን 1985 ሌሊቱን ሙሉ፣ ሆሊዉድ ላ ብሬያ ጎዳና ላይ ባለው ኤ ኤንድ ኤም ስቱዲዮ ነው። ከ40 በላይ ዘፋኞች የሽልማት ምሽታቸውን ጨርሰው ሲመጡ ማይክል ከሁሉ ቀድሞ ገብቶ ድምፁን ሲቀርጽ አገኙት። በዚያ ሌሊት ስቲቪ ወንደር ሁለት ኢትዮጵያውያን ሴቶችን ይዞ ገብቷል፤ ስለ አገራቸው ሰው ምስጋና አቀረቡ፣ ክፍሉም በእንባ ጸጥ አለ።

ይህንን ለእቴቴ የነገራት ፌርፋክስ ላይ ቡና ስንጠጣ ያገኘነው ሰው ነው፤ ሰፈሩ ሊትል ኢትዮጵያ ተብሎ ሳይሰየም በፊት። የዘፋኞቹን ዝርዝር አልጠየቀችም። የጠየቀችው ስለ ሁለቱ ሴቶች ነው። ምን ለብሰው ነበር? ነጠላ ነበራቸው? «እግዜር ይስጥልን ብለው ይሆናል፤ ሌላ ምን ይባላል?» አለች። ከዚያ በኋላ በላ ብሬያ አውቶቡስ ባለፍን ቁጥር ነጠላዋን ታስተካክላለች። እኔም ልጅ ሆኜ ነገሩን ሁሉ አንድ አደረግሁት፤ «ካፒቴን እዩ» የተቀረጸውም በዚያው በ1985 ነውና፣ ማይክል ከስቱዲዮው ወጥቶ በቀጥታ መርከቡ ላይ የተሳፈረ፣ ስጦታ የሚያደርስላትም ንግሥት እኛን አስርባ የያዘችን ይመስለኝ ነበር። ዛሬም ፊልሙን ሳስበው ያ የልጅነት ሐሳብ ሙሉ በሙሉ አልለቀቀኝም።

አናሃይም ላይ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1997 ተዘጋ። ለቤት በካሴት አልተሸጠም። ኋላ በስልክ የሚታይ ቅጂ አገኘሁና ከፈትኩት። ዘፈኑም ዳንሱም አለ። ድንጋዩ ግን መስታወቱ ውስጥ ትንሽ ተንከባሎ እዚያው ቀረ። አጠገቤም እጅ የሚዘረጋ አልነበረም።

እ.ኤ.አ. ሰኔ 25 ቀን 2009 ማይክል ሲሞት እቴቴ ሻማ አበራችለት። በየካቲት 2010 ፊልሙ አናሃይም ተመለሰ፤ እስከ 2014 ድረስም ቆየ። ሳልነግራት ቲኬት ገዛሁ፤ በመንገድ ላይ ግን ጭንቅ ያዘኝ። ግላኮማ ግራ ዓይኗን ከወሰደው ሦስት ዓመት ሆኖታል። ባንድ ዓይን ጥልቀት የለም፤ ድንጋዩ ለሷ ሸራው ላይ እንደተለጠፈ እንደሚቀር አውቃለሁ። ይህንን ልነግራት አፌ እምቢ አለ። መነጽሯን ራሴ አደረግሁላት።

ጭሱ ቀርቷል፣ ሌዘሩም የለም፤ በምትኩ ወለሉ ከሙዚቃው ጋር ይንቀጠቀጣል። መብራቱ ጠፋ። ከዋክብቱ ታዩ። ድንጋዩ ገና ከሩቅ፣ የአውራ ጣት ያህል ሆኖ ሳለ፣ የእቴቴ ግራ እጅ ደረቴ ላይ አረፈ፤ ቀኝ እጇ ከሁሉም ቀድሞ ተነሣ።

«እዩ» አለች፤ «መጣ።»