ባለ ነጭ ኩሉ የጂቡቲ ወፍ

መቼም ጂቡቲ ደርሶ የተመለሰ ሰው ወሬው ሙቀቱና የዕቃ ዋጋ ነው። እኔ ዛሬ የማወጋችሁ ግን ስለ አንድ ወፍ ነው። «ደግሞ ወፍ ምን ወሬ ይሆናል?» እንዳትሉኝ! የዚህ ወፍ አገሩ ቀይ ባሕርና የኤደን ባሕረ ሰላጤ አካባቢ ብቻ ነው። ከዚያ ከጠፋ ሌላ የት ይገኛል?

እንግሊዝኛ ስሙ «ኋይት አይድ ጋል» ነው፤ ባለ ነጭ ዓይን የባሕር ወፍ እንደ ማለት። ስሙ ግን እንዳያሳስታችሁ። ዓይኑ ጥቁር ነው፤ ነጩ ከዓይኑ በላይና በታች ያለው ሰበዝ ነው። ነጭ ኩል የተኳለ ይመስላል።

ችግሩ፣ አብሮት የሚውል ዘመድ አለው፤ «ሱቲ ጋል» የሚሉት። ከሩቅ ሁለቱም አንድ ናቸው። ታዲያ ምንቃራቸውን እዩ። የኛው ባለ ኩል ምንቃሩ ቀጭንና ጥቁር ቀይ ሆኖ ጫፉ ጥቁር፣ ራሱም ጥቁር ነው። ዘመዱ ደግሞ ወፍራም ቢጫማ ምንቃር አለው፤ ጫፉ ቀይ፣ ከጫፉ በፊት ጥቁር ቀለበት ያለበት፤ ራሱ ቡናማ ነው። ጫጩትነቱን ያልጨረሰ ከሆነ ግን ቀለሙን ትታችሁ የምንቃሩን ቅጥነት ተመልከቱ።

ለፎቶው በጠዋት ውጡ፤ ፀሐይን ከጀርባችሁ አድርጉ። ዝቅ በሉ። ቀጥ ብላችሁ አትሂዱበት፤ አግድም እየተራመዳችሁ ቅረቡ። አንገቱን ካሰገገ ቁሙ። ለሚበር ወፍ የካሜራችሁን ፍጥነት 1/2000 ሰከንድ አካባቢ አድርጉት። ካሜራውን ወደ ወደቡና ወደ ወታደር ሰፈር ግን እንዳታዞሩ፤ ጣጣ አለው!

እናላችሁ፣ አብሮኝ የነበረው ጓደኛዬ የሚበር ፎቶ አማረውና ድንጋይ አነሳ። እጁን ያዝኩት። «ምን አለበት? ይበራል እንጂ አይሞት!» አለኝ።

አለበት እንጂ! ወፉ የሚፈለፍለው በደሴቶች ላይ፣ ሙቀቱ በሚብስበት በሐምሌና በነሐሴ ገደማ ነው። እንቁላሉን መሬት ላይ ጥሎ በገላው ያጠላለታል። ወላጁን ያስበረገገ ሰው እንቁላሉን ለፀሐይ ሰጠው ማለት ነው። ዳርቻ ላይ ድንጋይ የለመደ እጅ ደሴት ላይም አያርፍም።

ጓደኛዬ አኩርፎ ተቀመጠ። ትንሽ ቆይቶ የዓሣ ጀልባ ገባ፤ ወፎቹ በራሳቸው ግር ብለው ተነሱ። ፎቶውንም አገኘ፤ ነጩ ኩል ሳይቀር ይታያል።

ወዳጆቼ፣ የወፍ ፎቶ በትዕግሥት እንጂ በድንጋይ አይገኝም። ቸር ሰንብቱ!