የማንን ዕድሜ?

መምህር ስለ ውሻ ሕክምና ሲጽፍ ብታገኙት «ይህ ሰው ሌላ ጭንቀት የለውም እንዴ!» ትሉ ይሆናል። እኔም ባለፈው ዓመት ቢሆን እንዲሁ ባልሁ ነበር።

ከኮሌጅ ወጥቼ ለማስተማር ወደ አሊዩ አምባ ስመጣ የተከራየሁት ቤት ከነውሻው ነበር። የቀድሞው ተከራይ ትቷት ሄዷል። ስሟ መከታ ነው። ሌሊት ጅብ ሲጮኽ እርስዋ ደጃፌ ላይ ካለች እኔ መጽሐፌን ሳልዘጋ አነባለሁ።

በመስከረም ከጡቷ ሥር ሽምብራ የምታህል እባጭ አገኘሁ። «ትጠፋለች» ብዬ ተውኋት። በጥር ሎሚ አከለች። ያን ጊዜ ደንግጬ፥ በገበያ መኪና የአንኮበርን አቀበት ወጥተን፥ ደብረ ብርሃን ወደሚገኝ አንድ የእንስሳት ሐኪም ወሰድኋት። ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀብኝ።

ሐኪሙ ግን አልሳቀም። በሴት ውሻ ጡት ላይ ከሚወጡት እባጮች እኩሌታ ያህሉ ክፉ ነቀርሳ መሆናቸውን ነገረኝ። ገና ትንሽ ሳሉ ተቆርጠው ቢወጡ መዳን አለ፤ ከ3 ሳንቲ ሜትር ሲያልፉ ግን ተስፋው ይቀንሳል። ነቀርሳው ሳንባ ከደረሰ ኦፕራሲዮኑ አያድናትም። ይህንንም የሚያሳየው ራጅ ስለ ሆነ፥ ቢሾፍቱ ወደሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ እንድወስዳት መከረኝ።

ጉዞውና ሕክምናው አንድ ላይ የወር ደመወዜን ይጠጋል። አንድ የሥራ ባልደረባዬ «ተማሪዎችህ ደብተር አጥተው፥ ለውሻ ኦፕራሲዮን?» አለኝ። ነገሩ አጥንቴ ድረስ ዘለቀ። ውሻ ባይኖረኝስ ያን ገንዘብ ለደብተር አውለው ነበርን? እውነቱን ለመናገር፥ አላውለውም ነበር። ስለዚህ ወቀሳው የሚገባው ለእኔ እንጂ ለእርስዋ አልነበረም።

የቤቱ ጌታ ሽማግሌ ሙስሊም ናቸው። ውሻ አይነኩም፤ ነገር ግን በቆላው ሐሩር ለመከታ ውሃ ሳያስቀምጡ የዋሉበትን ቀን አላስታውስም። ምክር ብጠይቃቸው ጥቂት ዝም ብለው፥ «ልጄ፥ እርስዋ የዛሬን ሕመም እንጂ ነገን አታውቅም። አንተ ልትገዛ የምትሄደው የማንን ዕድሜ ነው? የእርስዋን ነው ወይስ ያንተን የልብ ዕረፍት?» አሉኝ።

ሌሊቱን ሙሉ ስገላበጥ አደርሁ። ኦፕራሲዮኑን የፈለግሁት «የምችለውን ሁሉ አድርጌያለሁ» ለማለት ጭምር እንደ ነበረ ገባኝ፤ ከመስከረም እስከ ጥር የዘገየሁት እኔ ነኝና። ስለዚህ ራጁን ሳላይ አስቀድሜ ቆረጥሁ፤ ሳንባዋ ንጹሕ ከሆነ ኦፕራሲዮን ይደረግላታል፤ ካልሆነ ይዣት እመለሳለሁ።

ራጁ በሳንባዋ ላይ ነጫጭ ነጠብጣብ አሳየ። ያን ሁሉ ካሰብሁ በኋላ እንኳ «ብንሞክርስ?» የሚል ቃል ከአፌ አመለጠ። ቀጥሎ የሽማግሌው ጥያቄ ትዝ አለኝና ማስታገሻ መድኃኒት ተቀብዬ ተመለስሁ።

ይህን ስጽፍ መከታ ደጃፉ ላይ ተኝታለች። ማስታገሻው የማይረዳት ቀን ሲመጣ ሐኪሙን እጠራለሁ፤ ያለ ሥቃይ ትሄዳለች። ከተረፈው ገንዘብ ደብተር ገዝቼ ለተማሪዎቼ አድያለሁ። አሁን ጅቡ ጮኸ። እርስዋም ቀና ብላ አንድ ጊዜ ብቻ ጮኸችና ተመልሳ ተኛች።

ውሻ ያላችሁ ወዳጆቼ ሆይ፥ እባጩን ሽምብራ ሳለ አሳዩት። ሎሚ ሲሆን ምርጫው ይጠባል።