ከካሴቱ ጫፍ የቀሩ ዘፈኖች

ቨርጂኒያ ውስጥ፣ ዛሬ ሐበሻው እንጀራ ከሱቅ ገዝቶ በሚገባበት አካባቢ፣ እ.ኤ.አ. በ1971 ፔንታግራም የሚባል ባንድ ተመሠረተ። የሄቪ ሜታል ወዳጆች ከቀዳሚዎቹ ይቆጥሩታል። የመጀመሪያ ሙሉ አልበሙን ግን ያወጣው በ1985 ነው። በመሀል ያሉት 14 ዓመታት በጥቂት ነጠላ ሸክላዎች፣ በልምምድ ቴፖችና መደርደሪያ ላይ በቀሩ ቅጂዎች አለፉ። ኋላ ላይ እነዚያ ትርፍራፊዎች ተሰብስበው ሲታተሙ ብዙ አድማጭ ከኋለኞቹ አልበሞች አስበልጦ ወደዳቸው። አያስገርምም። ትርፍ ዘፈን ገበያ ይወደው ይሆን ብሎ አልተጨነቀም፤ ከነጉድፉ የተቀመጠ ነው።

እዚህ አገር ለዚህ ታሪክ የሚቀርበው አያሌው መስፍን ነው። ከጥቁር አንበሳ ባንድ ጋር በደርግ ዋዜማና መጀመሪያ ዓመታት የሠራቸው ዘፈኖች ሄቪ ሜታል ናቸው ማለት ማጋነን ይሆናል፤ መሠረታቸው ፈንክ ነው፣ ዜማቸውም የአገር ቤት ነው። ጊታሩ ግን ሻካራ ነው። ሆን ተብሎ የተጋጨ፣ የተቦጫጨቀ ድምፅ አለው። የዚያን ጊዜ ባንድ ሲባል ከረባት አስሮ በትንፋሽ መሣሪያ የሚያንቆረቁር ኦርኬስትራ ብቻ የሚመስለው ሰው «ሐሳቤ»ን አንድ ጊዜ ቢሰማ ይበቃዋል።

አያሌው ወደ ሁለት ደርዘን የሚጠጉ ነጠላ ሸክላዎችና በርካታ የሪል ቴፕ ቅጂዎች ነበሩት። ከዚያ አብዮቱ መጣ። ሰዓት እላፊው ለሌሊቱ ሙዚቃ በሩን ዘጋበት፤ የክለብ ባንድ የሚኖረው በሌሊት ነውና ከዚህ የባሰ ቅጣት አልነበረም። አምሃ ሪከርድስን የመሠረተው አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1975 አገር ለቆ ወጣ። አያሌው ታሰረ፣ ሙዚቃውም ከአደባባይ ጠፋ። ጥቂት ቆይቶ የሸክላ ሕትመትም ቀረና ዘመኑ የካሴት ሆነ። በሸክላ ያልወጣ፣ ወደ ካሴትም ያልተሻገረ ዘፈን ቴፑ ላይ እንደተጠቀለለ ቀረ።

ያ ሁሉ ቴፕ የወጣው ከ40 ዓመት በኋላ፣ አያሌው ዴንቨር እየኖረ፣ ናው አጌን በሚባል የአሜሪካ አሳታሚ በኩል ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 «ሐሳቤ» ታተመ። ተከታትለው «ጉድ አደረገችኝ»፣ «ወገኔ»፣ «ቸ በለው»፣ «ሞት አይቀርም» እና «ተወድጄ ልሙት» መጡ። አያሌውም ከቦስተኑ ደቦ ባንድ ጋር ዳግም መድረክ ላይ ወጣ። ደስ ይላል። ሸክላው ግን በዶላር የሚሸጥ ነውና ወልድያ ላለ የአያሌው የአገሩ ልጅ ዕቃው ሳይሆን ወሬው ነው የደረሰው።

አሁን ወደ አሰላ። ከጭላሎ ተራራ ሥር፣ ከባሕር ጠለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው በዚያች ብርዳማ ከተማ፣ በካሴት ዘመን ሙዚቃ ቤት የነበራቸው አንድ አዛውንት አሉ። ሥራቸው ማስቀዳት ነበር። ደንበኛ ባዶ ካሴት ይዞ ይመጣል፣ የሚፈልገውን ዘፋኝ ይናገራል፣ በማግስቱ ይወስዳል። ባለ 60 ደቂቃ ካሴት ላይ የዘፋኙ ሥራ 50 ደቂቃ ላይ ካለቀ የቀረችው ቦታ ባዶ አትተውም፤ ሰው ለሙሉ ካሴት ከፍሏል። እሳቸው በዚያች ትርፍ ቦታ ላይ ያላቸውን ይሞላሉ። የሠርግ ባንድ፣ የኪነት ቡድን፣ በአሮሚኛ የሚዘፍን ስሙ ያልወጣ የገጠር ልጅ፣ ከአዲስ አበባ በሰው በሰው የመጣ የሸክላ ቅጂ። ደንበኛው ያልጠየቀው ዘፈን ነው። አንዳንዱ ግን ተመልሶ «አባባ፣ ያቺ መጨረሻ ላይ ያለችው ማን ናት?» ይላቸዋል።

በደርግ ጊዜ በየክፍለ ሀገሩና በየአውራጃው የኪነት ቡድን እንደነበር የሚያስታውስ ያስታውሳል። ከነዚያ ልጆች ስንቱ ጊታር ይዞ ምን ተጫወተ? የተጠበቀው ለስብሰባ የሚሆነው መዝሙር ነው። ከስብሰባው በኋላ ለራሳቸው የተጫወቱት ካለ የሚገኘው እንዲህ ባለ ካሴት ጫፍ ላይ ነው።

ካርቶኖቹ ዛሬም እቤት ናቸው። ልጆቻቸው ቤቱን ሊያድሱ ነውና ቦታ ይፈልጋሉ። ክፉ ልጆች አይደሉም፤ ማጫወቻ በሌለበት ቤት ካሴት ምን ይሠራል? የቆየ ቴፕ ደግሞ ትዕግሥት የለውም። እርጥበት ሲገባው ይሻግታል። በአንዳንዱ ቴፕ ላይ መግነጢሳዊውን ብናኝ የያዘው ሙጫ ራሱ ይለጠልጣል፤ ማጫወቻው ላይ ሲዞር ድምፁን እየፋቀ ይወርዳል። ባለሙያ እንዲህ ያለውን ሪል ቴፕ በ50 ዲግሪ አካባቢ ለሰዓታት አሙቆ ለጊዜው እንዲጫወት ያደርገዋል፣ ያኔ ይቀዳል። በቃ፣ ዕድሉ ያ ነው።

የሚያበሳጨው አርሲ ምን ማስቀመጥ እንደሚገባ የማታውቅ አገር አለመሆኗ ነው። በ1960ዎቹ በስዊድን ድጋፍ ይሠራ የነበረው ካዱ የትኛው ስንዴ በየትኛው ማሳ ስንት እንደሰጠ መዝግቦ በቁጥር በቁጥር አሳትሟል። ቁሉምሳ ዛሬም የስንዴ ምርምር ማዕከል ነው። አዲስ አበባ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1976 የዘር ባንክ ተቋቋመ፤ የጠፋ የገብስ ዓይነት አንድ ቀን ያስፈልግ ይሆናል ተብሎ በብርድ ይቀመጣል። ማንም «ይህ ገብስ ገበያ አለው ወይ?» ብሎ አልጠየቀም። ሸክላው ከገበያ በጠፋባቸው በነዚያው ዓመታት ለገብስ የታሰበው ለዘፈን አልታሰበም።

ወመዘክር አለ ይባላል። አለ፤ ግን ገቢ የሚደረግለት የታተመ ሥራ ነው። ትርፍ ዘፈን ትርፍ የሆነው ስላልታተመ ነውና ከበሩ ይመለሳል። ሕጉም ቢሆን ለባለ ካርቶኑ አያመችም። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 የድምፅ ቅጂ አምራች መብት 50 ዓመት ነው፤ የዜማና የግጥም ደራሲው ግን በሕይወት ዘመኑ ሙሉና ከሞተ በኋላም 50 ዓመት። መብቱ ትክክል ነው፣ የአርቲስት እንጀራ ነው። ነገር ግን ስሙ ካልታወቀ ልጅ ማን ፈቃድ ይጠይቃል? አሰላ ያሉት አዛውንት ካሴቱን ዩቲዩብ ላይ ይጫን ያሏቸውን ጎረምሶች የመለሱት በዚሁ ነው። «የሰው ነው» አሏቸው። የማን እንደሆነ ሲጠየቁ ግን የሚያውቁት የሰፈሩን ስም ብቻ ነበር።

መፍትሔው ሙዚየም እስኪሠራ መጠበቅ አይደለም። አሰላ ዩኒቨርሲቲ አላት፤ አንድ ክፍል፣ ሁለት ደህና ማጫወቻ፣ አንድ ኮምፒውተርና ሥራውን የሚወድ አንድ ባለሙያ ይበቃል። መቅዳት ማለት ማሳተም አይደለም። ተቀድቶ ይቀመጥ፣ ባለቤቱ ሲገኝ እሱ ይወስን። አዲስ አበባ ያሉት ሬዲዮ ጣቢያዎችም እንዲሁ የየራሳቸው ጓዳ አላቸው።

አዛውንቱ እስከዚያው የራሳቸውን ሥራ ጀምረዋል። ክረምቱ ከመግባቱ በፊት በአሮጌ ቴፕ ሪከርደር እያጫወቱ፣ በየካሴቱ ጫፍ ያለውን ዘፈን ማን እንደተጫወተው፣ ከየትኛው ሠርግ ወይም ከየትኛው ወረዳ እንደመጣ ያስታወሱትን ያህል በደብተር ይጽፋሉ። የማያስታውሱት ላይ መስመሩን ክፍት ይተዉታል። ደብተሩ ገና ሩብ አልሞላም፣ ካርቶኑ ደግሞ አራት ነው።