ገተም ሲያብብ በጌራ



ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ጅማ የገባ እንግዳ፣ እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 የነገሡትን የዳግማዊ አባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት በጅሬን ኮረብታ ላይ ሳያይ አይመለስም። እኛም አየነው። ለዛሬ ልናጫውታችሁ የፈለግነው ግን ስለ ሌላ ቤተ መንግሥት ነው፤ ዛፍ ላይ ስለተሰቀለ፣ ንግሥቲቱም ንብ ስለሆነች።

በአጋሮ በኩል አልፈን ጌራ የደረስነው በመጋቢት አጋማሽ ነበር። ቡናው አበባውን አራግፏል። ከበላዩ ግን ትልልቁ ገተም፣ በአካባቢው ኦሮምኛ ገተማ የሚባለው ዛፍ፣ ማበብ ጀምሯል። ገተም የሚገርም ፍጥረት ነው። ብዙ ጊዜ በሌላ ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ተጠግቶ ይበቅልና ሥሩን ወደ መሬት ልኮ ግዙፍ ዛፍ ይሆናል። በቅርንጫፎቹ መካከል ረጃጅም ቀፎዎች ተጋድመዋል። ከሥሩ ቆሞ ጆሮውን ለሰጠ ሰው ዛፉ ራሱ የሚዘምር ይመስላል። ሱብሐነላህ!

አስተናጋጃችን ዕድሜያቸው ከሰባ ያለፈ አዛውንት ናቸው። ንብ ማነብን ከአባታቸው ወርሰዋል። «ንቧ ዓመቱን ሙሉ ምን ትበላለች አባባ?» ብለን ጠየቅናቸው።

«ልጄ፣ አላህ ተራ አውጥቶላታል» አሉን በጣታቸው እየቆጠሩ። «በጥር ግራዋ አለ። ቡናው ዝናብ ሲነካው ያብባል። ከዚያ ገተም ይመጣል። ከገተም በኋላ ብሳና፣ ክረምቱ ሲወጣ ደግሞ ዋንዛ። አንዱን ከመካከል ከቆረጥክ ንቧ በዚያ ወር ትራባለች።»

ይህ የሽማግሌ ወግ ብቻ አይደለም። ንብ የምትኖረው በአበባ ነው፤ የሚያብብ ዛፍ በሌለበት ወር ያከማቸችውን ማር ትበላለች፣ እሱም ሲያልቅ ቀፎዋን ጥላ ትሄዳለች። ዛፉም ቢሆን ያለ እርሷ ይጎዳል። ንቧ የአበባ ዱቄት ከአንዱ አበባ ወደ ሌላው ስታደርስ ፍሬ ይይዛል። ቡና በራሱ ዱቄት ማፍራት የሚችል ተክል ቢሆንም፣ ንብ ስትጎበኘው ፍሬው ይበረክታል።

አዛውንቱ በሁለት ብርጭቆ ማር አቀረቡልን። አንዱ የገተም ነው፤ ሲረጋ ነጭ ይሆናል። ሌላው ጠቆር ያለ ነው። አላህ (ሱ.ወ.) በንብ ስም በተሰየመችው ሱራ፣ በአን-ነሕል 68ኛና 69ኛ አንቀጾች፣ ንብ ከተራራ፣ ከዛፍና ሰዎች ከሚሠሩት ቤት እንድትይዝ እንዳሳወቃት፣ ከሆዷም መልኩ የተለያየ፣ ለሰው ፈውስ ያለበት መጠጥ እንደሚወጣ ይነግረናል። ስንት ጊዜ ቀርተነዋል! መልኩ የተለያየ መሆኑን በዓይናችን ያየነው ግን በዚያች ቀን ነው።

ከዚያ በኋላ አዛውንቱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አንድ ነገር አወጉን። ከጥቂት ዓመታት በፊት አሥራ ሁለት ቀፎ ነበራቸው። አንድ ቀን ከሱብሒ ሶላት ሲመለሱ ከዛፉ ሥር ንቦች እንደ ተበተነ እህል ረግፈው አገኙ። ጎረቤታቸው ጫቱ ላይ ፀረ-ተባይ መድኃኒት የረጨው አበባው በፈካበት ሰሞን፣ በጠራራ ፀሐይ ኖሯል። ሰባት ቀፎ ባዶ ቀረ።

«ተቆጥቼ ነበር» አሉን። «ሽማግሌ ልሰበስብበት አስቤ ሳለሁ ጎረቤቴ መሆኑን አስታወስኩ። ከቀረው ማር አንድ ሳህን ይዤ ቤቱ ሄድኩ። ‹ይህ የጫትህን አጥር የማታውቅ ንብ ማር ነው፤ ልጆችህን አብላ› አልኩት። አላወቀም ነበር፤ አለቀሰ።»

ከዚያ ወዲህ ጎረቤቲቱ የሚረጨው ንቦቹ ወደ ቀፎ ከገቡ በኋላ፣ ከመግሪብ ወዲያ ነው። ገተም ባበበበት ሰሞን ደግሞ ጨርሶ አይረጭም። ሊቆርጠው ያሰበውን ብሳናም ትቶታል። ዛሬ የአዛውንቱ ቀፎዎች ስምንት ደርሰዋል፤ አልሐምዱሊላህ። ነገር ግን ንብ ሁለትና ሦስት ኪሎ ሜትር ርቃ ትቀስማለች። የአንድ ጎረቤት መታረም ብቻውን አይበቃትም። በየመንገዱ ያየነው የተመነጠረ መሬትም ቀላል አልነበረም።

ወጣቶች ሆይ! ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ሙስሊም ከተከለው ተክል ሰው፣ ወፍ ወይም እንስሳ ቢበላ ለተካዩ ሰደቃ እንደሚሆንለት ማስተማራቸውን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። በግቢያችሁ አንድ ግራዋ፣ በእርሻችሁ ዳር አንድ ዋንዛ ወይም ብሳና ለመትከል የሚያስፈልገው ጉድጓድና ኒያ ነው። መድኃኒት የሚረጭ ቤተሰብ ያላችሁ ደግሞ አበባ ላይ እንዳይረጭ፣ ሰዓቱንም ወደ ማታ እንዲያደርግ በአክብሮት ንገሩት።

ስንሰናበት አዛውንቱ እስከ መንገዱ ሸኙን። ከገተሙ አጠገብ በእሾህ የታጠረች፣ ከጉልበት የማትበልጥ የዋንዛ ችግኝ አሳዩን። «ሲያብብ እኔ አላየውም ይሆናል» አሉ ፈገግ ብለው፣ «ንቧ ግን ታየዋለች።»