የትኛውን ክላሲካል ላስጨፍር ላላችሁኝ



ድሮ ኪቦርድ ያስተማርኳችሁና አሁን ዲጄ የሆናችሁ ልጆች ኢንቦክሴን በአንድ ጥያቄ ሞልታችሁታል። «ቲቸር፣ ክላሲካል ሙዚቃ ወደ ዳንስ ቢት መቀየር እፈልጋለሁ፤ የትኛውን ልምረጥ?» ለእያንዳንዳችሁ ከምመልስ እዚሁ ልዘርግፈው ብዬ ነው። ረዘም ይላል፣ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። (ዓመቶቹ ካላልኩ በቀር በፈረንጅ ናቸው።)

በመጀመሪያ ነገሩ አዲስ አይደለም። ዌንዲ ካርሎስ ባኽን በሙግ ሲንተሳይዘር ተጫውታ አልበም ያወጣችው በ1968 ነው። በ1976 ደግሞ ዋልተር መርፊ የቤትሆቨንን አምስተኛ ሲምፎኒ ዲስኮ አድርጎት አሜሪካ ውስጥ አንደኛ ወጣ። ስለዚህ «ክላሲካል ተደፈረ» የሚላችሁ ሰው ካለ ብዙ አትጨነቁ። መጨነቅ ያለባችሁ በምርጫው ነው። እኔ አራት ነገር አያለሁ።

አንደኛ፣ ምቱን ቁጠሩ። የዳንስ ቤት ኪክ የሚቆጥረው በአራት ነው። የሳቲ ጂምኖፔዲ ወይም የሽትራውስ ዋልሶች ግን በሦስት ይቆጠራሉ። ሦስቱን በአራት ላይ መጫን ይቻላል፣ ግን ዜማው ሲንገዳገድ ይሰማችኋል። በሦስት የሚሄድ ዜማ የወደደ ልጅ ከኛው ከችክችካ ጋር ቢሞክረው ይሻላል፤ በስድስት ስለሚቆጠር እንግዳ አይሆንበትም።

ሁለተኛ፣ ፍጥነቱ። የግሪግን «በተራራው ንጉሥ አዳራሽ» ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሲሰሙት ለዳንስ የተሠራ ነው የሚመስለው። ችግሩ ቀስ ብሎ ጀምሮ እየፈጠነ፣ እየፈጠነ ሄዶ ግልቢያ ላይ ማለቁ ነው፤ ነፍሱ ያለችው እዚያ መፍጠን ውስጥ ነው። ሃውስ ደግሞ በደቂቃ ከ120 እስከ 128 ምት አካባቢ ቆሞ ፈቀቅ አይልም። ፍጥነቱን ካሰራችሁት ያንን ውጥረት በሌላ ነገር መተካት የእናንተ ዕዳ ነው።

ሦስተኛ፣ መብቱ። ቤትሆቨን የሞተው በ1827 ስለሆነ ድርሰቱ የሁላችንም ነው። ነገር ግን አንድ ኦርኬስትራ የቀዳው ቅጂ የራሱ መብት አለው! ከዩቲዩብ አውርዶ ቆርጦ መለጠፍ ሌላ ጉዳይ ነው። ኖታውን አውጥታችሁ ራሳችሁ ተጫወቱት፤ ትማሩበታላችሁም። በኛ አገር አዋጅ ቁጥር 410/1996 ዓ.ም. የደራሲው የኢኮኖሚ መብት ከሞተ በኋላም 50 ዓመት ይቆያል፤ በብዙ አገር ደግሞ 70 ነው። ስለዚህ በ1981 የሞተውን ሳሙኤል ባርበርን ያለ ፈቃድ መንካት አይቻልም።

አራተኛውና ከባዱ፣ ሙዚቃው ሰው ልብ ውስጥ ምን ሥራ ይሠራል? የሚለው ነው። ይሄው የባርበር «አዳጆ» የሐዘን ሙዚቃ ሆኖ የኖረ ነው። በ1945 ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ሲሞቱ በሬዲዮ ተለቋል፤ በመስከረም 2001ም ከኒውዮርኩ ጥቃት በኋላ ለንደን ሮያል አልበርት አዳራሽ ውስጥ ተጫውተውታል። በሌላ በኩል ዊሊያም ኦርቢት፣ ቀጥሎም ቲየስቶ፣ የዳንስ ሙዚቃ አድርገውት ወጣቱ እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ ጨፍሮበታል። አንዳችሁ «በገና ላይ ኪክ ልጨምር?» ብሎ የጠየቀኝም እዚሁ ውስጥ ይገባል። በገና ሁዳዴ ላይ ተቀምጦ፣ አንገት ደፍቶ የሚሰማ ነገር ነው። መልሴ «አይቻልም» አይደለም፤ «ማን ቤት ውስጥ እንደገባህ አውቀህ ግባ» ነው።

ታዲያ እኔ ራሴ የመረጥኩት የቤትሆቨን ሰባተኛ ሲምፎኒን፣ ሁለተኛውን ክፍል ነው። ታም፣ ታታ፣ ታም፣ ታም። በቃ፣ ይሄው ነው! ዜማው መጀመሪያ ላይ ከቦታው ብዙም አይነቃነቅም፤ የሚራመደው ምቱ ነው። በሁለት ስለሚቆጠር በ62 ፍጥነት አስኪዳችሁ ከሥሩ 124 ሃውስ ብታስገቡበት ልክክ ይላል። አሠራሩም እንደ ዳንስ ትራክ ነው፤ ቫዮላ፣ ቼሎና ኮንትራባስ ይጀምራሉ፣ ሁለተኛ ቫዮሊኖች ዜማውን ሲቀበሉ ከሥር ሌላ ዜማ ይገባል፣ አንደኛ ቫዮሊኖች ይከተላሉ፣ መጨረሻ ሁሉም ባንድ ላይ ይፈነዳል። ቪየና ላይ በታኅሣሥ 1813 ለቆሰሉ ወታደሮች መርጃ በተዘጋጀ ኮንሰርት መጀመሪያ ሲቀርብ ሕዝቡ ይሄንኑ ክፍል «ይደገም!» ብሎ አስደግሞታል።

ግን የመረጥኩት ለዚህ ብቻ አይደለም። እናቴ ካረፈች ዓመት ሊሞላት ሁለት ወር ቀርቷል። እስከ አርባዋ ቤታችን ውስጥ ሬዲዮ እንኳ አልተከፈተም። ከዚያ በኋላ መጀመሪያ የሰማሁት ይሄንን ነው። አያለቅስም፣ ይራመዳል። ቀብር ሸኝቶ በእግሩ እንደሚመለስ ሰው።

አክስቴ ከክፍሌ ቢቱን ስትሰማ በሩን ከፍታ «አንተ ልጅ፣ የእህቴ ዓመት ሳይወጣ ከበሮ?» አለችኝ። እኔም «እታለም፣ የኛ ለቅሶ እኮ ራሱ ምት አለው፤ አልቃሿ ሙሾ ስታወርድ ደረት የሚመታው በምት አይደለም ወይ?» አልኳት። ትንሽ ዝም ብላ «እሱ ለሷ ነው፤ ይሄ ለማን ነው?» ብላ ሄደች።

ልጆች፣ ከአራቱም መለኪያዎቼ ይሄ የአክስቴ ጥያቄ ይበልጣል። ለማን ነው? ለዳንስ ቤቱ ከሆነ ዳንስ ቤቱ ምርጫ አላጣም፣ ሌላ ፈልጉ። ለምታውቁት ሰው ከሆነ ግን የቱ ጋ ኪክ እንደሚገባና የቱ ጋ ዝም እንደሚባል ጆሯችሁ ራሱ ይነግራችኋል።

የኔው ፋይል አሁን ኮምፒውተሬ ላይ አለ። ባሱ፣ ቫዮላው፣ ሲንተሳይዘሩ፣ ሁሉም ተቀምጧል፤ ኪኩን ግን አጥፍቼዋለሁ። ተዝካሯ ሲወጣ አክስቴን ጠርቼ አሰማታለሁ፤ እሺ ካለች እከፍተዋለሁ።

እስቲ እናንተስ፣ የትኛውን ትመርጣላችሁ? ለማንስ? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፣ አነባለሁ።