ያልተረሱ፣ ያልደረሱ ሸክላዎች

«የተረሱ አልበሞች» የሚል ርእስ ባየሁ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይመጣብኛል፤ ማን ነው የረሳቸው? ለመርሳት እኮ መጀመሪያ ማወቅ ያስፈልጋል። የድሮ የክፍል ጓደኛችሁን ስም ብትረሱ ያስወቅሳችኋል። እናንተ ትምህርት ቤት ገብቶ የማያውቀውን ልጅ ስም ግን አልረሳችሁትም፤ ድሮም አልደረሳችሁም። ላለፉት ጥቂት ወራት ታክሲ ውስጥም ማዕድ ቤትም ጆሮዬ ላይ ሰክቼ የምውላቸው የ1970ዎቹ መጀመሪያ የአሜሪካ ሸክላዎች፣ ሮኩም ጃዙም ካንትሪውም፣ አብዛኞቹ እንዲህ ናቸው። አልተረሱም፤ አልደረሱም። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። ሸክላዎቹም የነሱ አይደሉ?)

ነገሩ የጀመረኝ በሥራ ሰበብ ነው። ከጋዜጠኝነት ትምህርት ክፍል በተመረቅሁ ማግስት ለአንድ ኤፍ ኤም ጣቢያ የግማሽ ሰዓት የሙዚቃ ዝግጅት ሐሳብ ጽፌ ወሰድኩ። ሐሳቡ ቀላል ነበር፤ በየሳምንቱ ማንም ያልጠየቀውን አንድ አሮጌ አልበም እያጫወቱ ታሪኩን መንገር። ኃላፊው ወረቀቱን ገለጥ ገለጥ አደረጉና «አድማጭ ያልጠየቀውን ነገር ማን ይሰማልሻል?» አሉኝ። አመስግኜ ወጣሁ። መልሱ የመጣልኝ፣ እንደ ወጉ፣ ታክሲ ውስጥ ከተቀመጥኩ በኋላ ነው። አድማጭ ያልደረሰውን ነገር በምን አውቆ ይጠይቃል?

ትልልቆቹን እንዝለላቸው። ሌድ ዜፕሊንና ፒንክ ፍሎይድ የኔ ጠበቃነት አያስፈልጋቸውም፤ ማይልስ ዴቪስም እንዲሁ። ካንትሪ ከተባለ ደግሞ ኬኒ ሮጀርስን እንግሊዝኛ የማይሰሙ አጎቶቼ ሳይቀሩ ያንጎራጉሩታል።

ከሜምፊስ ልጀምር። በዚያች ከተማ አርደንት በሚባል ስቱዲዮ አራት ወጣቶች አንድ አልበም ቀዱ። የቡድናቸውን ስም የወሰዱት እዚያው ሰፈር ካለ የሱፐርማርኬት ታፔላ ላይ ነው፤ ቢግ ስታር። በ1972 ለወጣው አልበማቸው ደግሞ «ነምበር ዋን ሪከርድ» የሚል ስም አወጡለት። ድፍረታቸውን እዩልኝ! እርግጥ አንደኛው፣ አሌክስ ቺልተን፣ በ1967 ገና በ16 ዓመቱ ቦክስ ቶፕስ ከሚባል ቡድን ጋር «ዘ ሌተር»ን ዘፍኖ አሜሪካ ውስጥ አንደኛ ወጥቶ ያውቃል። ሌላው፣ ክሪስ ቤል፣ የአልበሙ ድምፅ እንደ ብርጭቆ ጥርት እንዲል ስቱዲዮ ውስጥ ያመሸና ያነጋ ልጅ ነው። ጊታሩ ያቃጭላል፤ ድምፃቸው ሲዋሃድ ቢትልስ ቢትልስ ይላል። «ሰርቲን» የምትለውን ዘፈን ብቻ ብትሰሟት ይበቃኛል። ከበሮ የላትም፤ ሦስት ደቂቃም አትሞላም። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ የሚይዘው ዓይነት ፍቅር ነው፤ በሩን ዘግቶ ለራሱ የሚያንጎራጉር ሰው ያደመጣችሁ ይመስላችኋል።

ሃያሲዎች ወደዱት። ራዲዮም አጫወተው። ሰው ሱቅ ሄዶ ሲጠይቅ ግን ሸክላው የለም። ለአርደንት የሚያከፋፍልለት ስታክስ ነበር፤ የኦቲስ ሬዲንግና የአይዛክ ሄይስ ቤት የነበረው ስታክስ። ሶል መሸጥ የተካነ፣ እነዚህን ጊታር ያነገቡ ነጭ ልጆች ግን ለማን እንደሚሸጣቸው ግራ የገባው ቤት። በዚያው ዓመት ስታክስ የማከፋፈሉን ሥራ ለትልቁ ኮሎምቢያ ሊሰጥ ተዋዋለ። ከሱቆቹ ጋር ለዓመታት የተላመዱት ትናንሽ አከፋፋዮች ከመንገድ ወጡ፤ ኮሎምቢያ ደግሞ ለቢግ ስታር ደንታ አልነበረውም።

ሙዚቃን በስልካችን ለለመድን ሰዎች ይሄ ትንሽ ያስቸግረናል። ሸክላ ዕቃ ነው። ይከብዳል፣ ይሰበራል፣ በካርቶን ይጫናል። ፋብሪካ ያትመዋል፣ አከፋፋይ ያደርሰዋል፣ ባለሱቅ ያልተሸጠለትን ይመልሳል። አንድ ዘፈን ራዲዮ ላይ የሚቆየው ለጥቂት ሳምንታት ነው፤ ካርቶኑ በነዚያ ሳምንታት ውስጥ ካልደረሰ በሚቀጥለው ወር ቢደርስ የሚፈልገው የለም። ይሄን ያህል ነው። የክሪስ ቤል የስቱዲዮ ሌሊቶች ሁሉ በመጨረሻ የተንጠለጠሉት በአንድ የጭነት መኪና ላይ ነበር። አልበሙ ያን ጊዜ የተሸጠው ከ10,000 ቅጂ በታች እንደሆነ ነው የሚነገረው። ቤል በ1972 መጨረሻ ቡድኑን ጥሎ ወጣ።

አሁን ለኛ ለጸሐፊ ነን ባዮች የሚመለከተው ክፍል መጣ። በግንቦት 1973 አርደንት ከመላ አገሪቱ ከመቶ በላይ የሮክ ጸሐፊዎችን ሜምፊስ ጠራ። ስመ ጥሩ ሌስተር ባንግስም ነበረበት። ተበትኗል ሊባል የሚችለው ቢግ ስታር ለዚያ ምሽት ተሰባስቦ ተጫወተ። ሥራቸው ወንበር ላይ ተቀምጦ ማስታወሻ መያዝ የሆነ ሰዎች ተነሥተው ጨፈሩ። ቡድኑ በዚያ ምሽት ተበረታቶ ሁለተኛውን አልበም «ራዲዮ ሲቲ»ን ቀዳ፤ በ1974 ወጣ፤ እሱም በዚያው በስታክስና በኮሎምቢያ ጭቅጭቅ መሐል ሱቅ ሳይደርስ ቀረ። ስታክስ ራሱ በ1975 ከሰረ።

ይህን ታሪክ ካነበብኩ በኋላ ለሁለት ቀን ያህል የምጽፈው ነገር ሁሉ አስጠላኝ። አገር ያወቃቸው ጸሐፊዎች በአንድ ድምፅ «ስሙት!» ብለው አንዲት ካርቶን ከመጋዘን ማስወጣት ካልቻሉ የኔ ብዕር ምን ሊያደርግ ነው? ነገር ግን ለጸሐፊዎቹና ለጣቢያዎቹ በነፃ የታደሉት ቅጂዎች አልሞቱም። ከእጅ ወደ እጅ ተላለፉ። በ1980ዎቹ አር ኢ ኤምን የመሳሰሉ ቡድኖች ከቢግ ስታር ተምረናል ማለት ጀመሩ፤ ሪፕሌስመንትስ የሚባሉት በ1987 «አሌክስ ቺልተን» የሚል ዘፈን እስከ ማውጣት ሄዱ። ክሪስ ቤል ይሄን ሁሉ አላየም። በአባቱ ምግብ ቤት ሲሠራ ቆይቶ በታኅሣሥ 1978 በመኪና አደጋ ሞተ። ዕድሜው 27 ነበር፤ ከኔ ብዙም አይርቅም።

ወደ ካንትሪው ስመጣ የማወራው ስለ አንዲት ሴት ነው። ሊንዳ ማርቴል በ1941 ደቡብ ካሮላይና ውስጥ የተወለደች ጥቁር አሜሪካዊት ናት። በ1969 የናሽቪል የካንትሪ ሙዚቃ ደጀ ሰላም በሆነው በግራንድ ኦል ኦፕሪ መድረክ ላይ ብቻዋን የዘፈነች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ሆነች። «ከለር ሂም ፋዘር» የተባለው ነጠላ ዜማዋ በካንትሪ ሰንጠረዥ 22ኛ ደረጃ ደረሰ። በ1970 የወጣውን «ከለር ሚ ካንትሪ» የተባለ አልበሟን የቀዱት፣ እሷ እንደምትለው፣ በአንድ ቀን በ12 ሰዓት ነው። የአሳታሚዋ ስም ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ፕላንቴሽን። ባሪያዎች ጥጥ ሲለቅሙበት የኖሩበት እርሻ ማለት ነው። ስሙ እንዳልተዋጠላት ከ50 ዓመት በኋላ፣ በ2020፣ ለሮሊንግ ስቶን መጽሔት ተናግራለች።

መድረክ ላይ ስትቆም ከታዳሚው መሐል የቆዳዋን ቀለም የሚሰድቡ ነበሩ። እሷ ትዘፍናለች። የአልበሙን የመጀመሪያ ዘፈን «ባድ ኬዝ ኦቭ ዘ ብሉስ»ን ስሙት፤ ድምፅን ከወፍራም ወደ ቀጭን ድንገት የሚሰብር፣ የተራራ እረኞች ጥሪ የሚመስል ያንን የካንትሪ ስልት እንደ ጨዋታ ነው የምትወጣው የምትወርደው። አሳታሚው ሼልቢ ሲንግልተን ግን ትኩረቱን ሁሉ ወደ ሌላዋ ዘፋኙ ወደ ጂኒ ሲ ራይሊ እንዳዞረ፣ ከሌላ ኩባንያ ጋር ልትቀዳ ስትል ደግሞ እከስሳለሁ እንዳለ ሊንዳ ትናገራለች። ሁለተኛ አልበም የለም። ወደ አገሯ ወደ ደቡብ ካሮላይና ተመለሰች፤ ከሠራቻቸው ሥራዎች አንዱ የትምህርት ቤት አውቶቡስ መንዳት ነው። አልበሟ ላይ የመጨረሻ የሆነችውን «ቢፎር ዘ ኔክስት ቲርድሮፕ ፎልስ»ን በ1975 ፍሬዲ ፌንደር ዘፍኖ አንደኛ ወጣባት።

በ2024 ቢዮንሴ «ካውቦይ ካርተር» አልበሟ ላይ የሊንዳን ድምፅ አስገባች። አሮጊቷ በ83 ዓመቷ ለግራሚ ታጨች። ሁሉም ሰው «እንደገና ተገኘች» ብሎ ጻፈ። ደስ አለኝ፤ እንባም መጣብኝ፤ ግን «ተገኘች» የሚለው ቃል ይከነክነኛል። ሴትዮዋ ጠፍታ አታውቅም። የሰው ልጆች በአውቶቡስ ጭና ትምህርት ቤት ስታደርስ ነበር። የጠፋው የአልበሟ ካርቶን ነው። መቼም ቢደርስ ይሻላል የምትሉኝ ትኖራላችሁ፤ እስማማለሁ። ነገር ግን በ29 ዓመቷ ልትዘፍናቸው ይችሉ የነበሩትን ዘፈኖች በ83 ዓመቷ የሚመልስላት ሽልማት የለም።

ሁሉም ታሪክ የግፍ ታሪክ ነው ማለቴ ደግሞ አይደለም። የቴክሳሱ ዊሊስ አላን ራምሲ በ1972 አንድ ቆንጆ አልበም አወጣና በቃ፤ ሁለተኛ አላወጣም። «ማስክራት ላቭ» የምትለው ዘፈኑ ግን በሌሎች አፍ ሬዲዮ ላይ ነገሠች። ዘፈኗ ደረሰች፤ ባለቤቷ ቤቱ ቀረ። ይሄኛውን እዚህ ላይ ልተወው።

የጃዝ ሰዎች ግን ካርቶኑን ራሳቸው ለመሸከም ሞክረዋል። በ1971 ኒውዮርክ ውስጥ መለከት ነፊው ቻርልስ ቶሊቨርና ፒያኒስቱ ስታንሊ ካውል ስትራታ ኢስት የሚባል ቤት አቋቋሙ። ደንቡ ግልጽ ነው፤ ሙዚቀኛው ቀረጻውን ራሱ ይሠራል፣ ዋናው ቅጂ የራሱ ሆኖ ይቀራል፣ ቤቱ ማሳተምና ማከፋፈሉን ያግዘዋል። ከሥራዎቹ ብዙ ሰው ጋ የደረሰው የጊል ስኮት ሄረንና የብራያን ጃክሰን «ዊንተር ኢን አሜሪካ» ነው፤ 1974። ሌሎቹ ብዙም ሳይርቁ ቀሩ፤ ሁለት ሙዚቀኞች የኮሎምቢያን ያህል መኪና የላቸውማ። ልዩነቱ ምን መሰላችሁ? ሸክላው ከዓመታት በኋላ ሲፈለግ የማን እንደሆነ ይታወቃል። የአሮጌ ሸክላ ንግድ እንደሆነ ጨካኝ ነው፤ የመጀመሪያው ሕትመት በመቶዎች ዶላር ሲሸጥ ገንዘቡ ከሰብሳቢ ወደ ሰብሳቢ ነው የሚሄደው። ባለቤቱ አንዳች የሚያገኘው እንደገና ሲታተም ነው፤ ያውም መብቱ በእጁ ካለ።

በዚያው ከተማ፣ በዚያው ዘመን፣ የኛም ሰው ነበረ። ሙላቱ አስታጥቄ «ሙላቱ ኦቭ ኢትዮጵያ»ን ያወጣው በ1972 ኒውዮርክ ውስጥ ዎርዚ በሚባል ትንሽ ቤት ነው። ዛሬ ኢትዮ ጃዝ ሲባል ዓለም የሚያጨበጭብለት አልበም ማለት ነው። ጂም ጃርሙሽ በ2005 «ብሮክን ፍላወርስ» ፊልሙ ላይ የሙላቱን ሙዚቃ እስኪያሰማ ድረስ ስንቱ ፈረንጅ ስሙን ሰምቶት ያውቅ ነበር? ለነገሩ ፈረንጁን ምን አመጣው፤ የኔ ትውልድስ ቢሆን ስንቱ ነው ያንን አልበም ከፊልሙ በፊት የሚያውቀው?

ከስትራታ ኢስት አንድ ብቻ ምረጪ ካላችሁኝ የክሊፎርድ ጆርዳንን «ግላስ ቢድ ጌምስ» ነው የምሰጣችሁ። በ1973 የተቀዳ፣ በ1974 የወጣ ነው። ጆርዳን ቴነር ሳክስፎን ይነፋል፤ ከፊሎቹ ዘፈኖች ላይ ባዙን የሚጫወተው ቢል ሊ ነው፤ አዎ፣ የፊልም ሠሪው የስፓይክ ሊ አባት። ከዘፈኖቹ ብዙዎቹ በሰው ስም የተሰየሙ ናቸው። «ጆን ኮልትሬን» የሚለው ላይ ሙዚቀኞቹ መሣሪያቸውን እየተጫወቱ፣ ከስድስት ዓመት በፊት ገደማ የሞተውን ወንድማቸውን ስም በአፋቸው እየደጋገሙ ያዜማሉ። ያለ ችኮላ። ልክ ሰው ስም እየጠራ እንደሚያለቅሰው፣ ግን ያለ ለቅሶ።

ባለፈው እሑድ ይሄን ዘፈን ጮክ አድርጌ ከፍቼው ልብስ ሳጥፍ አጎቴ በሩን ገፋ አድርገው ገቡ። ቀንሺው ሊሉኝ ነው ብዬ ስልኬን አነሣሁ። «ተይው» አሉ። ትንሽ ቆሙና «ይሄ ዘፈን ነው ማኅሌት?» ብለው ጠየቁኝ፤ መልሴን ሳይጠብቁ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ።