አንድ ኮምፒውተር ለአራት



ባለፈው ሴሚስተር የመመረቂያ ፕሮጀክታችን ርዕስ ከጸደቀ በኋላ በዶርማችን አንድ ጥያቄ በየቀኑ ይነሳ ነበር፤ ይህን ሁሉ ስሌት በምን እንሠራዋለን? የላቡ ኮምፒውተሮች አሉ፤ ግን ላቡ ማታ ይዘጋል፣ ወረፋውም ረጅም ነው። ከመካከላችን ላፕቶፕ ያለው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ትልቅ ሞዴል ሲከፈትበት እንደ ጀበና ይንተከተካል። የአዲስ ላፕቶፕ ዋጋ ጠየቅን፤ ከአራታችን ብቻውን የሚችለው አልነበረም። በወለድ መበደር ደግሞ ከመጀመሪያውም አልተነሳም። ስለዚህ ገንዘብ አዋጥተን፣ ዕቃውን አንድ በአንድ ገዝተን፣ ዴስክቶፕ ራሳችን ልንገጣጥም ተስማማን። ከዚያ በፊት አንዳችንም ገጣጥመን አናውቅም።

የተዋጣው 56 ሺህ ብር ነው። አንዱ 20፣ አንዱ 16፣ አንዱ 14፣ አራተኛው 6 ሺህ ሰጠ። የአራተኛው ወንድማችን እናት እንጀራ ጋግረው ይሸጣሉ፤ ገንዘቡን የላኩለትም ከዚያው ቀንሰው ነው። ስድስት ሺሁ ከሃያው እንደሚከብድ ሁላችንም እናውቅ ነበር።

ገንዘቡ ከመነካቱ በፊት ወረቀት ይጻፍ የሚል ሐሳብ መጣ። በቁርኣን ውስጥ ረጅሙ አያ፣ የሱረቱል በቀራ 282ኛው፣ ስለ ዕዳ መጻፍና ስለ ምስክር መሆኑን ከመካከላችን የማያውቅ የለም። ሆኖም አራት ዓመት አብረው የበሉ ልጆች መካከል ወረቀት ማውጣት ያሳፍራል፤ ያልተማመንን ያስመስላል። ለማንኛውም አንድ ገጽ ጻፍንና ከጎረቤት ዶርም ሁለት ወንድሞች ፈረሙልን። ድርሻው በመዋጮው ልክ ነው፤ ዕቃው ቢከስርም ኪሳራው እንዲሁ በመዋጮው ልክ ይከፈላል። ስንመረቅ ከመካከላችን የሚፈልግ በዕለቱ የገበያ ዋጋ የሌሎቹን ድርሻ ይገዛል፤ ፈላጊ ከጠፋ ተሽጦ እንካፈላለን።

የተጨቃጨቅነው በሰዓቱ ነው። ስድስት ሺህ ያዋጣው ወንድማችን “ለእኔ በሳምንት አንድ ማታ ይበቃኛል” አለ። እሺ ያለው ሰው አልነበረም። ፕሮጀክቱ የሁሉም እኩል ፕሮጀክት ነው፤ ሌሊቱም እኩል ይከፈል አልን። እሱ ግን የማይገባውን የወሰደ መስሎት ዝም አለ። ክርክሩ ሁለት ቀን ፈጀ። በመጨረሻ “ድርሻ በገንዘብ፣ ሰዓት በእኩል” የሚለው መስመር በወረቀቱ ላይ ሰፈረ።

ከዚያ ቅዳሜ መርካቶ። ታላቁ አንዋር መስጂድ ዙህርን ሰግደን ሱቅ ለሱቅ መዞር ጀመርን። ብር በ2016 ሐምሌ በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ዋጋው አይጨበጥም፤ አንዱ ባለሱቅ የነገረን ዋጋ የሚጸናው እስከዚያው ምሽት ብቻ መሆኑን አስጠንቅቆናል።

የመረጥነው ፕሮሰሰር ራይዘን 5 5600ጂ ነው። ስድስት ኮር አለው፤ ከሁሉ በላይ ግን ግራፊክሱ አብሮት ስላለ የተለየ የግራፊክስ ካርድ መግዛት አያስፈልግም። ለእኛ ኪስ ዋናው ነገር ይኸው ነበር። ግራፊክሱ የራሱ ማስታወሻ ስለሌለው ከራሙ ይጋራል፤ ስለዚህ አንድ ባለ 16 ጊጋባይት ራም ከመግዛት ሁለት ባለ 8 መግዛት ይሻላል፤ ፕሮሰሰሩ ሁለቱን ጎን ለጎን ያነባቸዋል። ማዘርቦርዱ ያገለገለ ቢ450 ነው። እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ይህ ቦርድ ከፕሮሰሰሩ በፊት የወጣ ስለሆነ ባዮሱ አሮጌ ከሆነ ፕሮሰሰሩን አያውቀውም፤ ስክሪኑ ጨለማ ሆኖ ይቀራል። ሰው ቦርዱ ሞቷል ብሎ ሊጥለው ይችላል። ይህን አንብበን ስለሄድን ባለሱቁን እፊታችን እንዲያስነሳው ጠየቅነው። እውነትም አልተነሳም። እሱ ከመሳቢያው የቆየ ፕሮሰሰር አውጥቶ ሰካ፣ ባዮሱን ከፍላሽ አደሰ፣ ከዚያ የእኛን መልሶ ሰካው። እድሳቱ መሃል መብራት ቢሄድ ቦርዱ ሊበላሽ ስለሚችል መጀመሪያ ዩፒኤሱ ላይ መሰካቱን ሁለቴ አየ። በዚህ ሥራው ወደድነው፤ ራሙንም ከእሱው ገዛን።

ሒሳብ ስንከፍል ከመካከላችን አንዱ “የሦስት ቀን ኺያር እንፈልጋለን” አለ። አቡ ሹጃዕን የቀራችሁ ታስታውሳላችሁ፤ ገዢና ሻጭ ሐሳባቸውን የሚያጸኑበት እስከ ሦስት ቀን ሊዋዋሉ ይችላሉ። በመድረሳ ስንቀራው ስለ ግመልና ስለ በቅሎ የተጻፈ ይመስለን ነበር። ባለሱቁ ሳቀ፤ “የት ነው የቀራችሁት?” ብሎ ጠየቀና ደረሰኙ ጀርባ ላይ “3 ቀን” ብሎ ጻፈልን።

እሑድ ከሱብሒ በኋላ ጠረጴዛውን ወልውለን ጀመርን። እጃችንን በየጊዜው ከኬዙ ብረት ጋር እያነካካን ነበር፤ በሰውነት ላይ የተጠራቀመ ስታቲክ ኤሌክትሪክ ቺፕ ሊያቃጥል ይችላል። የዚህ ፕሮሰሰር ፒኖች ከሥሩ ናቸው፤ 1331 ፒን። አንዱ ቢታጠፍ የአራት ሰው ገንዘብ ነው። ለዚህ ሥራ የመረጥነው በልጅነቱ ሉሕ ላይ በጥሩ እጅ ይጽፍ የነበረውን ነው። የሶኬቱን ማንሻ አነሳ፣ ማዕዘኑ ላይ ያለችውን የወርቅ ቀለም ሦስት ማዕዘን ከሶኬቷ ምልክት ጋር አጋጠመ፣ ለቀቀው። አልተጫነውም፤ በራሱ ክብደት ቁጭ አለ። በዚያች ቅጽበት ማንም የተነፈሰ አይመስለንም። አሮጌውን ፔስት በአልኮል ጠርገን አዲሱን አተር የምታክል ጠብታ አድርገን፣ የማቀዝቀዣውን አራት ብሎኖች ሰያፍ እያደረግን ጥቂት በጥቂት አጠበቅን።

ሌላው ሁሉ ቀላል ነው፤ የማይሰካበት ቦታ አይገባም። ከኬዙ ፊት የሚመጡት የማብሪያ ሽቦዎች ብቻ ዓይን ያጠፋሉ፤ የቦርዱን መመሪያ በስልክ አውርደን በባትሪ እያበራን ሰካናቸው። ስናበራው ፋኑ ዞረ፣ ስክሪኑ ጨለማ። ራም የተቀየረለት ቦርድ መጀመሪያ ራሙን ሲለካ ትንሽ ይቆያል። ያ ትንሽ ግን በጣም ረዘመብን። ከዚያ ጽሑፉ መጣ፤ አልሐምዱሊላህ። ሰዓቱ የተሳሳተ ስለነበር ሳንቲም የምታክለውን ባትሪ ቀየርን፤ ቀጥሎ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በማሽኑ አቆጣጠር 21 ነው ወይስ 15 ብለን ትንሽ ተሟገትን።

ደስታው አንድ ቀን ቆየ። ሰኞ ሌሊት ባለ ስድስት ሺው ወንድማችን ራሙን ሜምቴስት በሚባል ነፃ ፕሮግራም ሲፈትሽ አደረ። ለፈጅር ሲቀሰቅሰን ስክሪኑ ላይ ቀይ መስመሮች ነበሩ። ሁለቱን ለየብቻ ሞከርን፤ ጥፋቱ የአንዱ ነው። እንዲህ ያለ ራም ማሽኑን ላያቆመው ይችላል፤ ስሌቱን ግን በዝምታ ያበላሻል። የድልድይ ጭነት ለሚያሰላ ሰው ከዚህ የከፋ ነገር የለም።

ማክሰኞ ሦስተኛው ቀን ነው። ሁለታችን ተመለስን። መንገድ ላይ የፈራነው አንድ ነገር ነው፤ “እናንተ ናችሁ ያቃጠላችሁት” ቢለን ምን እንመልሳለን? ባለሱቁ በራሱ ማሽን ላይ ሰክቶ ፍተሻውን አስጀመረ። የመጀመሪያው ዙር ንጹሕ ወጣ። እርስ በርስ ተያየን። እሱ ምንም ሳይል ሁለተኛውን ለቀቀ፤ ዐስር ሰግደን ስንመለስ ቀዩ መስመር ወጥቶ ጠበቀን። ሌላ ራም አውጥቶ ፈትሾ ሰጠን። ከዚያ ከመደርደሪያው አብረውት የመጡትን አራት ራሞች አውርዶ መሳቢያ ውስጥ ከተታቸው። “እስክፈትሻቸው አልሸጥም” አለ።

እሱው ሰው መጀመሪያ ቀን ዊንዶውስና የምንፈልገውን ፕሮግራም ሁሉ ሰብሮ ሊጭንልን ነበር፤ በነፃ። ኡስታዛችንን ስንጠይቃቸው “ባለቤቱ ፈቅዷል?” ብለው ጥያቄውን መለሱልን። ኡቡንቱ ጫንን። ኦክታቭ አብዛኛውን የማትላብ ሥራ ይሠራል፣ ለሥዕል ፍሪካድ አለ። ዲፓርትመንታችን የሚፈልገው አንድ ሶፍትዌር ግን በዊንዶውስ ብቻ ስለሚሠራ ለእሱ አሁንም ላብ እንወርዳለን። አንዳችን ይህ ነገር እስከዛሬ አልተዋጠለትም፤ ላብ በወረደ ቁጥር ያነሳብናል።

ማሽኑ አሁን በመስኮቱ ሥር ነው። ስታብላይዘር ገዝተንለታል፤ ሁለተኛው ፋን ገና ነው። ሰሞኑን ሦስት እህቶች የዕቃውን ዝርዝርና የስምምነቱን ግልባጭ ጠይቀውን ሰጥተናቸዋል፤ ዝርዝሩ ላይ ያለው ዋጋ ግን ከወዲሁ ተቀይሯል። ካቻቢቴውንም አውሰናቸዋል፤ ቅዳሜ እንፈልገዋለን።